የቀኙ ፓምፕ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ በዚህ ተረት ነው ያደግሁት። ስለዚህ የኳስ ሜዳው አትክልተኛ መጥቶ «ፓምፕ የቀየራችሁለት የሣር ማጨጃ መኪና አሁንም ወደ ቀኝ ይጎትታል» ሲለኝ፣ የጠረጠርኩት መኪናውን ሳይሆን የገጠመውን ሰው ነው።

የገጠመው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጋራዣችን ውስጥ ጭምት እንለዋለን። ሰባት ዓመት አብረን ስንሠራ ከብሎን ጋር እንጂ ከሰው ጋር ሲያወራ አልሰማሁም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ወርቅ ደግሞ የሚደበቅ ነገር ነው። መኪናው ሁለት የዘይት ፓምፕ አለው፤ እያንዳንዱ በዘይት ግፊት አንድ የኋላ ጎማ ያሽከረክራል። የቀኙን የቀየረው እኔ በሌለሁበት ቀን ነበር። አሮጌውን አጥቦ መልሶ ገጥሞት፣ አዲሱን ለሌላ ሰጥቶት ይሆን? ሚስቴ እንደ ልጇ ያሳደገችው ስለሆነ ያለ ማስረጃ ብናገር ቤቴ ይበጠበጣል።

በማግስቱ ማልጄ ገባሁ። እሱ ከጋራዡ ጀርባ ነው የሚኖረው። መለኪያ ሳልገጥም ሞተር ከሰማ መጥቶ ይነካካብኛል ብዬ መኪናውን ሳላስነሳ ከግቢው ወደ ውስጥ በእጄ ልገፋ ቆረጥኩ። ለዚህ በሁለቱም ፓምፖች ላይ ያለችውን ማለፊያ ብሎን ማላላት ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ዘይቱ በአቋራጭ ይዞርና ጎማው ይለቀቃል። አላላሁ፣ ወገቤ እስኪንቀጠቀጥ ገፋሁ። የግራዋን ብሎን መልሼ እንዳሰርኩ ኮቴ የሰማሁ መሰለኝና ዘወር አልኩ። ማንም የለም። ቶሎ ብዬ መኪናውን በክሪክ አነሳሁና የዘይት ፍሰት መለኪያውን ገጠምኩ።

ሞተሩን ሳስነሳ ጭምት ቱታውን እየቆለፈ መጣ። ዘይቱ እስኪሞቅ ጠበቅሁ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠሁ። የግራው በደቂቃ ሠላሳ ሊትር ሰጠ፤ ጫና ስጨምርበት ሃያ ስምንት። አጥፍቼ የመለኪያውን ቱቦ ወደ ቀኙ አዛወርኩና እንደገና አስነሳሁ። ጫናው ሲመጣ ወደ አሥራ ሁለት ወረደ። ያዝኩት አልኩ በልቤ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

«ይሄ ነው አዲሱ ፓምፕ?» አልኩት ሞተሩን አጥፍቼ።

«አዲስ ነው፣ ጋሼ።»

«አዲሱንስ ለማን ሰጠኸው? እህትህ ሌባ ነው እንዴ ያሳደገችው?»

ፊቱ ደም መሰለ። ተንበርክኮ ፓምፑን ዳበሰ፣ ከኪሱ ቁልፍ አወጣ፣ የቀኟን ማለፊያ ብሎን አጠበቀ። ሞተሩን ራሱ አስነሳ። ጫናውን ጨመረ። ሃያ ስምንት።

ቀጥሎ የጎማ ነፋስ መለኪያ አምጥቶ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ለካ። የቀኙ ነፋስ የግራውን ግማሽ አይሞላም። «የሚጎትተው በዚህ ነው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ይቺ ብሎን የምትላላው መኪና ሲገፋ ብቻ ነው። ሞተሩ ደግሞ ደህና ይነሳል። ለምን ገፋኸው፣ ጋሼ?»

አሮጌው ፓምፕ በጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ሥር ተቀምጦ ነበር። ጎንበስ ብዬ እንኳ አልፈለግሁትም።

«አጥፍቻለሁ» አልኩት። አፈርኩ።

«ይሁን» አለ።

ለእህቱ ትንፍሽ አላለም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ብሎን ሊያስር ሲል «ጋሼ፣ ና እይልኝ» ይላል። «ተው እባክህ፣ አምንሃለሁ» እለዋለሁ። አይሰማኝም። እስክመጣ ድረስ ቁልፉን ብሎኗ ላይ እንደያዘ ይጠብቀኛል።