ድንኳኑ የተማረከበት ቅዳሜ

ቀነዓ የላይኛው ሰፈር ዕድር ዳኛ ሆኖ በተመረጠ ሰሞን፣ ዲሞክራሲ ለአንድ ሰፈር ብቻ ተሰጥቶ የሚቀር ነገር እንዳልሆነ ተገለጠለት። ሰው አዲስ ጫማ ሲገዛ የጎረቤቱ ጫማ ሁሉ ያረጀ ይመስለዋል። ቀነዓም ከመለዋወጫ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ወደ ታችኛው ሰፈር ባየ ቁጥር ለሰዎቹ ያዝንላቸው ጀመር።

ሁለቱን ሰፈሮች የሚለያቸው አንድ የኮብልስቶን መንገድ ነው። የታችኛውን ዕድር ግን አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የመሩት አንድ ሰው፣ ጋሽ ዲበኩሉ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ችግራቸው ከወንበር መነሳት አለማወቃቸው ነው። “ምርጫ መቼ ነው?” ብሎ የጠየቀ ሁሉ ስብሰባ በማወክ ይቀጣል። ዓምና የተቀጣችው ደግሞ ሌላ ሳትሆን የቀነዓ ታላቅ እህት ሙሉዬ ነበረች።

ሙሉዬ ነርስ ናት፤ አግብታ ታችኛው ሰፈር ከገባች ቆይታለች። ቅጣቷን ከፈለችና ነገሩን ተወችው ሲባል፣ ከሥራ መልስ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። አንዱ ቤት የሕፃን ሙቀት ትለካለች፣ አንዱ ቤት ሻይ ትጠጣለች፤ ስትወጣ ደግሞ ቀስ ብላ የምርጫውን ነገር ታነሳለች። እንዲህ እንዲህ እያለች በመጪው እሁድ ስብሰባ ላይ “ምርጫ ይደረግ” ብለው እጃቸውን የሚያወጡ ሰዎች ከግማሽ በላይ ሆኑላት። የዕድሩ ንብረት ጠባቂ እማማ ሸዋወርቅ እንኳ፣ በጋሽ ዲበኩሉ ላይ ተቃውሞ አሰምተው የማያውቁት ሴትዮ፣ “እስቲ እናያለን” ብለዋታል። ሙሉዬ ያን ዕለት ቤቷ የገባችው በእግሯ ሳይሆን በደስታ ነው።

ስህተቷ ደስታዋን ለወንድሟ መንገሯ ነበር።

“እሁድ ድረስ ምን ያስጠብቃል?” አላት ቀነዓ።

“ስብሰባው እሁድ ነዋ!”

“እምቢ ቢሉስ?”

“እምቢ ካሉ በሚቀጥለው ወር እንጠይቃለን።”

“ሙሉዬ፣ አንቺ እኮ ዓለም የት እንደደረሰ አታውቂም። ትልልቆቹ አገሮች አንድ አምባገነን አልወርድም ሲላቸው የሚቀጥለውን ወር ይጠብቃሉ? ጦር ያዘምታሉ!”

“እሺ፣ ከዚያስ?”

“ከዚያማ...” አለና ቆመ። ቀነዓ ዜና የሚያየው እስከ ዘመቻው ድረስ ነው፤ የቀረውን ሚስቱ ወደ ድራማ ትቀይርበታለች። “ከዚያማ ሕዝቡ ነፃ ይወጣል።”

“ቀነዓ፣ በጌታ ይዤሃለሁ፣ እጅህን እንዳታስገባብኝ። እስከዚህ ያደረስኩት ብቻዬን ነው።”

“እሺ” አላት። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ የቀነዓ እሺ ግን ከሳንቲምም አይበልጥም።

በማግሥቱ የሰፈሩ ልጅ ወደሆነው ወዳጁ ኑሬ ዘንድ ሄደ። ኑሬ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከወሎ መጥተው አዳማ የቀሩ፣ እሱ ደግሞ ፒካፕ ያለው። ቀነዓ ዕቅዱን አስረዳው፦ ማንም አይነካም፤ የታችኛው ዕድር ድንኳን ብቻ ይወሰዳል፤ ምርጫ ያደረጉ ዕለት በክብር ይመለስላቸዋል።

“ለዕድራችን አባላት አቅርበን ድምፅ አንሰጥበትም?” አለ ኑሬ።

“የዲሞክራሲ ጉዳይ እኮ ነው፤ ለድምፅ ጊዜ የለንም።”

“ወላሂ አልገባኝም። ሰውዬው ሳይመረጡ ያዛሉ ብለን ነው የምንዘምተው። አንተን ለዚህ ማን መረጠህ?”

“አንተ መኪናውን ብቻ አምጣ።”

ኑሬ አመጣ። ወዳጁን እምቢ ማለት ስላልሆነለት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መጨረሻውን ማየትም ፈልጎ ነበር።

የዕድር ድንኳን እንደሌላ ዕቃ አይደለም። ሁለት ጎረቤቶች ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ይከርማሉ፤ ሞት ሲመጣና ድንኳን ሲተከል ግን አንዱ ካስማውን ይይዛል፣ ሌላው ይመታል። ማንም ሰው ምንም ያህል ቢናደድ ድንኳንን የጠብ መያዣ አያደርግም። ቀነዓ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ያን ቅዳሜ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ቤት ትቶ ነው የወጣው።

ቀትር ላይ ፒካፑ የታችኛው ዕድር ዕቃ ቤት ደጃፍ ቆመ። እማማ ሸዋወርቅ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

“አከም ጅርቱ፣ እማማ!” ብሎ ቀነዓ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው።

“ፈያ፣ ልጄ።” ፒካፑን አዩና ሰፌዱን አስቀመጡ። “ውይ፣ ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። ነፃ ልናወጣችሁ ነው የመጣነው።”

“ከምን?”

ቀነዓ ይህን ጥያቄ አልጠበቀውም። “ከ... ከጋሽ ዲበኩሉ።”

“እሳቸውማ ምሳ እየበሉ ነው። ልጥራቸው?”

እማማ ሳይጠሯቸው ቀነዓና አብረውት የመጡት ሁለት ጎረቤቶቹ ድንኳኑን ተሸክመው ወጡ። እማማ ሸዋወርቅም ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባቸው የድንኳኑን ጫፍ ጨበጡ።

“ይልቀቁ እንጂ፣ እማማ!”

“አልለቅም! ይሄ ባሌን የሸኘሁበት ነው!”

ቀነዓ በአክብሮት ጎተተ። በአክብሮት ቢጎተትም መጎተት መጎተት ነውና፣ እማማ ሸዋወርቅ ወደቁ፤ መዳፋቸውም ተላጠ። በሩ ላይ ተደርድረው የነበሩት የዕድሩ ድስቶችም ተንኳኩተው እስከ መንገዱ ተንከባለሉ። ቀነዓ ደንግጦ እማማን ሊያነሳ ሲል ጩኸቱን የሰማ ሰው ከየደጁ መውጣት ጀመረ፤ ዘማቾቹም ድንኳኑን ፒካፑ ላይ ወርውረው ዘለው ወጡ። በጥድፊያ ድንኳኑን ያሰረው አልነበረም። የመንገዱን ማዕዘን እንደታጠፉ የአዳማ ነፋስ ከሥሩ ገባና ነፋው፤ ድንኳኑ ተነስቶ የአንድ አጥር እሾሃማ ሽቦ ላይ ተንጠለጠለ፤ ፒካፑም አልቆመም። የመቀደዱን ድምፅ ሰፈሩ በሙሉ ሰማው።

ጋሽ ዲበኩሉ ወጥ የነካው እጃቸውን ከፍ አድርገው እንደያዙ ወጡ። የተዘረገፈውን ድስት፣ የእማማ ሸዋወርቅን መዳፍ፣ የተንጠለጠለውን ሸራ አዩ። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከሥልጣን ዘመናቸው ሁሉ የተሻለው ንግግራቸው ያ ነበር ይባላል።

እሁድ ስብሰባው ፀሐይ ላይ ሆነ፤ ድንኳን የለማ። ቀነዓ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያል። ሙሉዬ ተነሳች።

“ስለ ምርጫ...” ከማለቷ፣ “ምርጫውንማ ወንድምሽ ትናንት በፒካፕ አምጥቶልናል!” አለ አንዱ። ሰው ሳቀ፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። እማማ ሸዋወርቅ በጨርቅ የታሰረ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

“ጋሽ ዲበኩሉ ይቀጥሉ የምትሉ!” ተባለ። እጅ በእጅ ላይ ወጣ። አስራ ስምንት ዓመት ሳይመረጡ የኖሩት ሰው ገና ዛሬ ተመረጡ፣ ያውም በሙሉ ድምፅ። ከወጡት እጆች አንዱ የሙሉዬ ነበር።

ስብሰባው ሲበተን መንገዱን ተሻግራ መጣች።

“አንቺም?” አላት።

“እኔም። ባላወጣ የዘራፊው እህት ሆኜ መቅረቴ አይደል? ነገ ሐዘን ቢገባብኝ ማን ቤቴን ይረግጣል?”

“ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ያደረግሁት።”

“አውቃለሁ” አለችና እንባዋ መጣ። “እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ጠላቴ ብትሆን ሰድቤህ ይወጣልኝ ነበር።”

ቀነዓ አፈረ። ከማፈርም አልፎ፣ የእህቱን የስንት ወር ልፋት በአንድ ቀትር እንዳጠፋው ገባው። ድንኳኑን ወስዶ አሰፍቶ መለሰ፤ እማማ ሸዋወርቅ ደጃፍ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታውን ተቀበሉት፤ ግባ ግን አላሉትም።

ሰኞ አመሻሹ ላይ ከኑሬ ጋር ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ፣ ሙሉዬ የነርስ ጋውኗ ላይ ነጠላ ደርባ ታችኛው ሰፈር ውስጥ አንድ በር ስታንኳኳ አያት። አልተከፈተላትም። ወደሚቀጥለው አለፈች። በሩ በጥቂቱ ገርበብ አለ፤ ከውስጥ አንድ እጅ ብቅ ብሎ ሂጂ አላት። ሙሉዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሦስተኛው በር ሄደች።

ቀነዓ ብድግ አለ።

“ወዴት ነው?” አለ ኑሬ።

“ላግዛት።”

“አግዘሃታል እኮ። ተቀመጥ።”

ቀነዓ እህቱ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ አየ። ተቀመጠ።