የማዳመጥ ደሞዝ

ሰው አዳምጦ ደሞዝ የበላ የት አይተሽ ነው፣ አሉኝ አጎቴ ጋሽ ፈቀደ፣ ሰበታ ሱቃቸው ውስጥ የሚስማር ሳጥን ላይ ተቀምጠው፣ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ደረሰኝ ያልኳቸው ቀን፣ እኔም ሳቅኩ፣ ልጅ ነበርኩ፣ አሁን ቡራዩ፣ የማታ ኮሌጅ ምዝገባ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ቤቴል ጀርባዬ ላይ ተኝታ፣ የልጄ ትንፋሽ አንገቴን እያሞቀው፣ ድምፃቸው ይመጣል፣ የት አይተሽ ነው። የትም ጋሼ። የትም።

አካውንቲንግ በይ፣ ሌላ እንዳትይ፣ ያለኝ ደግሞ ባሌ ሽመክት ነው፣ ዛሬ ጠዋት ጫማውን እያሰረ፣ የብረት በር ሲበይድ የሚውል ሰው፣ ዓይኑ ሁሌ የቀላ፣ ክፉ አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ አቅማችን አንዴ ለመማር ነው፣ ሁለተኛ የለም፣ ሒሳብ የሚይዝለት ሰው የማይፈልግ ድርጅት የለም፣ እስቲ ሳይኮሎጂ የሚፈልግ አንድ ሱቅ አሳዪኝ፣ አላሳየሁትም፣ የለማ። ምዝገባው ዛሬ ያበቃል።

ማርቲስ። አብራኝ ጀምራ የጨረሰችው ማርቲ፣ እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቤቴልን አርግዤ ስወጣ ሻንጣዬን እስከ ግቢው በር የያዘችልኝ፣ የመውጫ ፈተናውንም አለፈች፣ የምረቃ ጋውን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ፣ ከዛ ቤት ተቀመጠች፣ ከዛ ሱሉልታ አንድ ፋብሪካ በር ላይ የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት ተቆጣጣሪ። ሥራ እንዴት ነው ስላት፣ ሳይኮሎጂው ጠቅሞኛል ባክሽ፣ ያረፈደ ሁሉ አክስቴ ሞታ ነው ሲለኝ ስንተኛዋ አክስት እንደሆነች ከፊቱ አውቃለሁ፣ ብላ ሳቀች፣ ሳቋ መጨረሻው ላይ ቀጠነ።

ግን ያ የዩኒቨርሲቲው ክፍል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ክፍል፣ መምህር ኤልቃና ሁለት ሁለት አድርጎ ፊት ለፊት አስቀመጠን፣ አንዱ ያውራ አንዱ ይስማ፣ አይዞህ አይዞሽ ማለት ክልክል ነው፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እንዴ ቲቸር፣ ሰው ሲያለቅስ ዝም ልንል ነው፣ እሱ ግን፣ አይዞሽ የምንለው እኮ ብዙ ጊዜ በቃሽ ለማለት ነው አለ፣ ፊቴ የተቀመጠው ኡዘይር፣ የክፍሉ ቀልደኛ፣ መጀመሪያ ሊያስቀኝ ዓይኑን አጉረጠረጠ፣ ከዛ ስለ አባቱ ጀመረ፣ አላቆመም፣ እና እኔ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ክፍል ውስጥ አትናገርም እየተባልኩ ያደግኩት እኔ፣ ዝም ስላልኩ ማርክ አገኘሁ። ያንን ክፍል ሳስብ ልብስ እያጠብኩ እጄ ሳሙናው ውስጥ ይቆማል። ምን ሆንሽ ይላል ሽመክት። ምንም።

ዲፓርትመንት፣ ትላለች መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል፣ ደረቷ ላይ ሩታ የሚል ባጅ፣ አፌ ይከፈታል፣ አካውንቲንግ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ሳይኮሎጂ ሥራ አለው እንዴ፣ ኧረ ምን ነካኝ፣ ቀና አለች፣ እህቴ፣ እኔ ምን ተምሬ እዚህ የተቀመጥኩ ይመስልሻል፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በአፍንጫው ሳቀ፣ ምሳ ደርሷል፣ አስቢበት፣ ስመለስ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። መስኮቱን ዘጋች።

ይኸው መልሱ። ሳይኮሎጂ ተምራ ከመስታወት ጀርባ።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ቤቴልን አውርጄ ዳቦ እቆርስላታለሁ፣ አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ፣ ይለኛል ዘበኛው በኦሮምኛ፣ ነጋ፣ ደህና፣ እላለሁ፣ ሩታ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ አልዋሽሽም ትላለች፣ ደሞዜ ከቤት ኪራይ አልፎ አያውቅም፣ አካውንቲንግ የተማረችው ጓደኛዬ ስንት ደርሳለች፣ ግን ወንድሜ፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ወንድሜ ከአረብ አገር ከተመለሰ ጀምሮ ግድግዳ ነው የሚያየው፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይመክራል፣ እኔ ከሥራ ስገባ ዝም ብዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ ስንት ወር፣ ባለፈው ሰሞን ሩትዬ መብራቱን አጥፊው ዓይኔን ያመኛል አለኝ፣ አስቢው፣ መብራት አጥፊ ስለተባልኩ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነባሁ። አይዞሽ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፣ ዋጥኩት፣ ቤቴል ዳቦዋን ትፈረፍራለች፣ ከአጥሩ ውጪ ባጃጅ አለፈ፣ ሩታ ገና የምትለው ብዙ ነበራት፣ ምሳዋ ቀዘቀዘ፣ ከዛ ድንገት ዞር ብላ፣ አንቺ፣ አይዞሽ አላልሽኝም እኮ።

ስልኬ ይጮኻል፣ ሽመክት፣ ጨረስሽ፣ ገና ነኝ፣ አካውንቲንግ እኮ ነው፣ ሰማሁ፣ እሺ አላልኩም፣ ሰማሁ ነው ያልኩት፣ ማን ይከፍለኛል፣ አላውቅም፣ የግል ትምህርት ቤቶች አማካሪ መቅጠር ጀምረዋል ይላሉ፣ ይላሉ ነው፣ ምናልባት እኔም የፋብሪካ በር ላይ፣ ያ የቀላ ዓይን ማታ ሲያየኝ ምን እለዋለሁ፣ ያ ክፍል ናፈቀኝ ልበለው፣ ናፈቀኝ ኪራይ ይከፍላል፣ አይከፍልም፣ ልክ ነህ፣ እርስዎም ልክ ነበሩ ጋሼ፣ ልክ መሆናችሁ ግን ናፍቆቱን አላስተወኝም።

መስኮቱ ተከፈተ። አካውንቲንግ ብዬ ልሙላልሽ አይደል፣ ትላለች ሩታ፣ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ሆኖ፣ ዓይኗ እኔ ላይ። ቤቴልን ከአንዱ ክንዴ ወደ ሌላው አዛወርኩና ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።