ሥጋ የማይሸትበት ቤት

እኔ ከሥጋ ጋር ጠብ የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ሁሉ ጊዜ ጾም ቤት መብላቴን የሚሰማ ሰው ባሕታዊ እንዳያደርገኝ ብዬ ነው። ከደሴ ተመድቤ ባሕር ዳር ስገባ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። ወንደላጤ ስለሆንኩ ግሽ አባይ ሰፈር እትዬ ፅጌ ማርያም ቤት በወር ኮንትራት እበላ ጀመር። ቤቱን የመረጥኩት ለቀይ ወጣቸው ስል ብቻ ነው።

እትዬ ፅጌ ማርያም የመሪጌታ ልጅ፣ የመሪጌታ ሚስት የነበሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ሳሎናቸውን ምግብ ቤት አድርገው አንድ ልጃቸውን ዳኘውን አሳደጉበት። ዳኘው ቁመተ ሎጋ፣ ሳቂታ፣ ሆዱን የሚወድ ልጅ ነበር። እናቱ ዘወር ሲሉለት ድስቱን ከፍቶ ሥጋ ያወጣል፤ እሳቸው በማማሰያ እጁን ይመቱታል፤ እሱ ግን ጉርሻውን ቀድሞ ውጦታል። ለእኔም አንዳንዴ ያካፍለኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሲጠብቅ ብሔራዊ ውትድርና ደረሰው። ከዚያ ኤርትራ፣ ከዚያ ዝም።

እናቱ ጀልባ ተሳፍረው ዘጌ ተሻገሩና ኪዳነ ምሕረት ደጅ ወድቀው ተሳሉ። ልጃቸው በእግሩ እስኪመለስ ድረስ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ከአፋቸው ላይገባ፣ እሳታቸውም ላይ ላይጣድ። የመጣ ዕለት ሙክት ሊያርዱ። በማግስቱ የቅቤውን ቅል ለጎረቤት ሰጥተው ሽሮ አቀረቡልን።

«እትዬ፣ እኛስ ምን በደልን?» አልኳቸው።

«ምንም አልበደላችሁም፣ የኔ ልጅ። ሥጋ ያማረው ከተማው ሞልቶለታል። እኔ ግን ተስያለሁ» አሉኝ።

ግማሹ ደንበኛ በሳምንቱ ውስጥ ሄደ። እኔ እያጉረመረምኩ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ስጠየቅ ሽሮአቸው ይጥማል እል ነበር፤ እውነቱ ግን አሳዝነውኝ ነው። ባዶ ወንበር ሲጠርጉ እያየሁ መሄድ አልቻልኩም።

በዚህ መካከል ነው ሚስተር ጆሺ የመጣው። አዲሱ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ከእሱ በፊት የነበሩት ህንዶች ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ጥብስ ላይ እኔን ያስንቃሉ። ስለዚህ ሥጋ የማይበላ ህንድ አለ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል ስገባ አስተናጋጁ ቆሞ ይጮሃል፤ ጆሺ ደግሞ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ከነራሱ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ፊት ተቀምጧል።

«የጾም ብሎ ራሱ አዘዘ! ዓሣ የጾም አይደለም እንዴ?» አለኝ አስተናጋጁ።

አልፈረድኩበትም። ጣና ዳር ላደገ ሰው ዓሣ የጾም ነው። ጆሺ ግን አገራችን ገብቶ ያወቃት አንዲት የመዳኛ ቃል «የጾም» የምትለው ነበረች፤ እሷም ከዳችው።

«ዓይን አለው» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ወደ ሳህኑ እያየ። ለሰባት ቀን ሙዝና ዳቦ ብቻ በልቶ እንደሰነበተ ኋላ ነገረኝ። እጁን ይዤ ወደ እትዬ ፅጌ ማርያም ወሰድኩት።

ከመብላቱ በፊት በእኔ አስተርጓሚነት እንደ መርማሪ ጠየቃቸው። ሥጋ? የለም። እንቁላል? የለም። ዓሣ?

«ዓሣ? የመሪጌታ ልጅ ነኝ እኮ!» አሉ ተቆጥተው። «ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ከዚህ ቤት አይገባም። ይብሉ፣ መምህር።»

ጎመኑን፣ ድንቹን፣ ምስሩን ጠርጎ በላ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በርበሬው ነው አለ። እኔም በርበሬው ነው ብዬ አለፍኩት፤ ከእናት ቤት ርቆ መራብ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ጆሺ አማርኛ እየለመደ፣ እርድና ከሙን በትኩስ ዘይት ማቁላላት አስተማራቸው። ይፋግ በኩል ሩዝ እንደሚዘራ ሲሰማ ዘሎ አውቶቡስ ላይ ወጣና ግማሽ ኩንታል አሸክሞ መጣ። እትዬ ፅጌ ማርያም መጀመሪያ ሩዙን እንደ ንፍሮ ቀቅለው አቀረቡለት፤ ሳቀና ማድቤት ገብቶ ራሱ ሠራው። እሳቸውም ቂጣቸውን እንደ እሱ አገር ቂጣ ስስ አድርገው መጋገር ለመዱ። ወሬው ሲዳረስ ከጎንደር ሆስፒታል ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ደግሞ አንድ መሐንዲስ እሁድ እሁድ መምጣት ጀመሩ። ሁሉም ሥጋ የማይነኩ ህንዶች ናቸው። ሴትዮዋ ሐኪም ባለ ወርቅ ጥለት ልብሷን ለብሳ ከእንጨት አግዳሚው ላይ ትቀመጥና በቋንቋዋ ታወራለች፤ እትዬ ፅጌ ማርያም ቃሉ ሳይገባቸው «አዬ፣ እውነትሽን ነው» ይሏታል። የሰፈሩ ልጆች ቤቱን የህንድ ቤት አሉት። ታጠፈ ያልነው ቤት የህንድ ምግብ ቤት ሆኖ ተረፈ።

ጆሺ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረው፤ ቅቤ። በአገሩ ሥጋ የማይበላ ሰው ከቅቤና ከወተት አይከለከልም።

«እህቴ፣ ትንሽ ቅቤ?» ይላቸዋል።

«ዳኘው ሲመጣ፣ መምህር» ይሉታል።

ክረምት ክረምት ለእረፍት አገሩ ይሄድና ሲመለስ ሚስቱ የሠራችውን የወተት ጣፋጭ በቆርቆሮ ሣጥን ይዞላቸው ይመጣል። እሱንም ወተት ነው ብለው አይቀምሱም። ለእኛ ያድሉና የድርሻቸውን አንዲት ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ከቁም ሣጥን ይከታሉ። «ዳኘው ሲመጣ።» ነገሩ ሁሉ ዳኘው ሲመጣ ነበር። አንዳንዴ ያናድደኝ ነበር፤ ልጁ ደብዳቤ ካቋረጠ ዓመት አልፎታል፤ ከአፋቤት ውጊያ ወዲህ የተሰማው ወሬ ደግሞ ለማንም እናት የሚነገር አልነበረም። ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል?

ለስእለቱ የተገዛው ሙክት ጓሮ ከማንጎው ዛፍ ሥር ታስሮ ይቀለብ ነበር። ጆሺ ራጃ ብሎ ስም አወጣለት። በልቶ ሲጨርስ የጎመን ቅጠልና የድንች ልጣጭ ይዞ ይሄድና አጠገቡ ቁጢጥ ይላል። ሉካንዳ ቤት ሲያይ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ መንገድ የሚሻገር ሰው ነው። አንድ ቀን ላበሽቀው ብዬ፣

«የምትቀልበው በግ እኮ ሊታረድ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። የራጃን ግንባር አከከለት። «አስናቀ፣ እናቴ ይህን ብትሰማ ታለቅሳለች። ግን እኔ በየማለዳው እጸልያለሁ፤ ራጃ ቶሎ እንዲታረድ።»

እትዬ ፅጌ ማርያም ደጃፉ ላይ ቆመው ሰምተውት ኖሯል። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እሱም ዞር ብሎ፣

«እህቴ፣ ያን ቀን አፍንጫዬን አልይዝም» አላቸው። «ከመንገድ ሥጋው ሲሸተኝ ዳኘው መጥቷል ብዬ ሮጬ እገባለሁ። ከሚበሉት መካከል እቀመጣለሁ።»

«እርስዎ ምን ሊበሉ?»

«ሩዝ።»

ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «ለእርስዎማ ለብቻ ድስት አወጣለሁ። ሥጋ የነካው ማማሰያ አላስጠጋበትም» አሉት።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ክረምት ጆሺ እንደ ልማዱ አገሩ ሄደ። ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ከአንበሳሜ ከተማ፣ አካሉ የሚባል እግሩን ያጣ ወታደር በክራንች ተደግፎ ሰፈራችን ደረሰ። ከዳኘው ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ዳኘው የሞተው እሱ ዓይኑ እያየ፣ እጁ ላይ ነው። ከተቀበረም ወራት አልፎታል።

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ሽማግሌዎቹ፣ የንስሐ አባታቸው፣ ጎረቤቱና እኔ ገና ሳይነጋጋ በራቸው ላይ ቆምን። እሳቸው ከፍተው አዩን። ከሁሉም ፊት ለፊት የነበርኩት እኔ ነኝ።

«ምነው አስናቀ፣ ዛሬ በማለዳ? ሽሮው እኮ ገና አልደረሰልኝም» አሉኝ።

ከዚያ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሴቶች አዩ። የዚያን ጊዜ የሰማሁትን ጩኸት አልጽፈውም።

አርባው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እሁድ ዋለ። የንስሐ አባታቸው፣ ከእንግዲህ ስእለቱ የለም፣ ተፈትተሻል ብለዋቸው ነበር። በጉ ምን ይሁን ሲባሉ፣ «ለእሱ የተባለ ነው፤ ለእሱ ይታረድ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሌሎችም በጎች ተጨመሩ። ግቢው ላይ ዳስ ተጣለ። ቤቱ ያን ሁሉ ዘመን ያልሸተተውን አንድ ቀን ሸተተ፤ ቅቤው፣ ቀይ ወጡ፣ ጥብሱ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ያውዳል። እኔ በየቀኑ የምመኘው ሽታ ነበር። ከራጃ ሥጋ አቀረቡልኝ፤ አንዴ ጎርሼ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋሁት። ተነስቼ ውሃ ማደል ጀመርኩ።

ካህናቱ እየበሉ ሳለ ከዳሱ ጫፍ ቀና ስል ጆሺን አየሁት። ሻንጣውን በአንድ እጁ፣ የቆርቆሮ ሣጥኑን በሌላው ይዞ ከአውቶቡስ ተራ ቀጥታ መጥቷል። በመንገዱ መካከል ቆመ። መሐረቡን አላወጣም። አንገቱን ቀና አድርጎ አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ። ፊቱ ሁሉ በራ። ዳስ ለሠርግም ይጣላል፤ እሱ በምን ይለየው? በግቢው ጎን ሲያልፍ ወደ ማንጎው አየ። ገመዱ አለ፣ ራጃ የለም። ሮጠ።

ማንቆርቆሪያውን ጥዬ ወደ ግቢው በር ተፈተለክሁ፤ አልደረስኩበትም።

«እህቴ!» አለ ከዳሱ መካከል ቆሞ። «መጣ! ዳኘው መጣ! እንኳን ደስ አለሽ!»

የሰው እጅ ሁሉ ገበታው ላይ ቀረ። እትዬ ፅጌ ማርያም ጥግ ላይ፣ መደብ ላይ ነበሩ፤ ጸጉራቸው ተላጭቶ፣ ከል ለብሰው። ብድግ አሉ። ጆሺን አላዩትም። በትከሻው ላይ አልፈው፣ ከኋላው፣ ወደ በሩ አዩ።

አምነውት ነበር። ለዚያች ለአንዲት አፍታ አምነውት ነበር፤ ፊታቸው ላይ አየሁት፣ እስከ ዛሬም ያንን ፊት ማስታወስ አልወድም። በሩ ላይ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ባዶ እጄን።

አንድ የቀበሌ ሰው ተነስቶ የጆሺን ክንድ ጨመደደ። «ምን ዓይነት ቀልድ ነው ይህ?» ብሎ ሊገፋው ሲል፣

«ተዉት!» አሉ እትዬ ፅጌ ማርያም። «ተዉት፤ ቃሉን ጠብቆ ነው የመጣ።»

ጆሺ ከሉን አየ፤ የተላጨውን ራስ አየ፤ እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ባለበት፣ ከሚበሉት ሰዎች መካከል ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። ከግራም ከቀኝም ሥጋ ያለበት ገበታ ነበር፤ አልሸሸም፣ አፍንጫውንም አልያዘም። ለብቻው ይወጣል የተባለው ድስት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

እሳቸው ቀስ ብለው መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሣጥኑን ከእጁ ተቀብለው ከፈቱት። መርዶው ከተነገረ ወዲህ የንስሐ አባታቸው ቢለምኑ፣ ሴቶቹ ቢለማመጡ፣ ከጥሬ ሽንብራና ከውሃ በቀር ሌላ ያስቀመሳቸው አልነበረም።

«ወተት አለው?» አሉት።

«አለው፣ እህቴ» አለ እያለቀሰ። «ወተትም ቅቤም አለው። አትብዪ።»

አንዲት ፍሬ አነሱ። ወደ አፋቸው አስገቡት።

«እንግዲህ ገደፍሁ» አሉ።

ጆሺ እጃቸውን ያዘ። እኔ በሩን ዘጋሁት፤ መንገደኛ ቆሞ ያይ ስለነበረ። እሳቸው ግን እያላመጡም ዓይናቸው ከበሩ ላይ አልተነሳም። «ተወው፣ አስናቀ» አሉኝ፤ «ክፍቱን ተወው።»