እሜቴን እስከ ፋሲካ ማቆየት

የመስፍኑ እናት እሜቴ ዶሮቴያ በጾሙ መግቢያ ታመው ሲተኙ፣ ከገዛ ልጃቸው ይልቅ የደነገጠው የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ አለቃ ማይስተር ኬልሽ ነበር። በእኛ አገር በቱሪንጊያ ከመስፍኑ ቤት ሰው ከሞተ ሙዚቃ ለዓመት ይዘጋል፤ ኦርጋኑ ይቆለፋል፣ ዘማሪው ይበተናል። ሰውዬው ደግሞ ዕድሜውን ለመስፍኑ እራት ማወራረጃ የዳንስ ዜማ ሲደረድር ኖሮ፣ ገና አሁን ለፋሲካ ሁለት ወገን መዘምራን የሚቀባበሉት ትልቅ መዝሙር ጽፏል። ከዚህ በፊትም እንዲሁ ጽፎ አሮጌው መስፍን ሞቱበትና ሳይሰማ ቀረ። አሁን ጣቱ በሪህ ተቆልምሟል፤ ይኸኛውም ከቀረ ቀረ ነው።

እኔ የእሜቴ አልባሽ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አምሮኝም አያውቅም። ኬልሽ ጠዋት ጠዋት መጥቶ በራችን ላይ ይገተራል።

«እማማ ቫልቡርጋ፣ እንዴት አደሩ?»

«እኔ ደህና ነኝ።»

«ኧረ እሜቴን ነው! በሉ ይህን የዓሣ መረቅ ያቅምሱልኝ። ሚስቴ ናት የሠራችው።»

«የሚስትህን መረቅማ ከቀመሱ ዛሬውኑ ይሞቱልሃል።»

እሜቴ ግን ደስ አላቸው። «አየሽ፣ እንዴት ቢወደኝ ነው! ዘማሪዎቹን ሁሉ ስለ እኔ ያስጸልያል አሉ።»

ውሸት አልችልበትም። «ለእርስዎ መሰለዎት? ለመዝሙሩ ነው እንጂ! በፋሲካ ማግስት ቢሞቱ ጉዳዩም አይደለ።»

ፊታቸው ቀላ። በአፌ ገደልኳቸው ብዬ ክው አልኩ። «ጥሪልኝ ያንን ሰው!» አሉ።

ገባ። «ቫልቡርጋ የምትለው እውነት ነው?» ብለው አፈጠጡበት።

ኬልሽ ባርኔጣውን ጨመደደው። «እውነት ነው፣ እሜቴ።»

«አያፍርም እኮ! ለመሆኑ ጥሩ ነው መዝሙሩ?»

«ከሠራሁት ሁሉ እሱ ይበልጣል። ሳይሰሙት ቢሄዱ ለእርስዎም አዝናለሁ።»

እሜቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ታፈጫለሽ? መረቁን አምጪው እንጂ!» አሉኝ። ክፉ መረቅ ነበር፤ እየተራገሙ ጨረሱት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቀረብኩትን ሁሉ በሉ።

በፋሲካ በወንበር ተሸክመን ቤተ ክርስቲያን አገባናቸው። መለከቱ ሲነፋ ከወንበራቸው ሊዘሉ ምንም አልቀራቸውም። አንዱ ወገን ሲጠራ ሌላው ከማዶ ሲመልስ፣ ልጆቹ ቀጭኑን ድምፅ ወስደው ጣሪያው ላይ ሲሰቅሉት፣ ክንዴን እስኪበልዝ ጨበጡኝ። መዝሙር ሲረዝም የማንቀላፋዋ እኔ እንኳ ዓይኔን አልከደንኩም።

ሲያበቃ ኬልሽ ላቡን እየጠረገ መጥቶ እጃቸውን ሳመ።

«በል እንግዲህ፣ አሁን ልሙት?» አሉት።

አንገቱን አከከ። «እሜቴ... ለጰራቅሊጦስ አንድ ጀምሬ ነበር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትገተራለህ? ሂድና ጻፍ!»