የከረመ ቤንዚን

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሞተር» ይላቸው ነበር። ሣር ማጨጃ ማሽን ገና ከበር ውጭ እያለ ድምፁን ሰምተው ሕመሙን የሚናገሩ ሰው ነበሩ። «ካንዴላው ጠቁሯል» ካሉ ጠቁሯል፤ «አየር ይስባል» ካሉም ይስባል። ደንበኛ አያታልሉም፣ ደንበኛ አይሰድቡም። ስድባቸው ለቤት ሰው የተቀመጠ ነበር፤ ከቤት ሰውም ለአንድ ልጃቸው።

ልጁን በወጣለት ስም የሚጠራው ሰው የለም። አባቱ «ዝገቱ» አሉት፣ ዝገቱ ሆኖ ቀረ። ነገሩ የመጣው ከማሽን ነው። ሣሩ የሚደርቅበት ወራት ሲገባ ማሽኖቹ ቤንዚናቸው ተንጠፍጥፎ ወጥቶ፣ ታጥበውና ተሸፍነው እስከሚቀጥለው ዝናብ ይቀመጣሉ። አባትየው በዚህ ሥራ ቀልድ አያውቁም። «ቤንዚን እንግዳ ነው» ይሉ ነበር። «ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብረት፣ ሲከርም መርዝ።» ልጁ ገና ጢም ሳያበቅል አንዱን ማሽን ቤንዚኑን ሳያወጣ አስቀመጠው። ዝናቡ ተመልሶ ማሽኑ ሲወጣ አልነሳም አለ። አባቱ ካርቡሬተሩን ሲፈቱት ውስጡ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ቢጫ ነገር ጋግሮበታል። ደንበኞች ቆመው እያዩ፣ ከማሽኑ የቀዱትን ቤንዚን በጣሳ ያዙና፦

«የትኩሱንና የከረመውን ልዩነት አፍንጫህ ካላወቀው ምላስህ ይወቀው» ብለው አገጩን ጨብጠው አፉ ውስጥ ጨመሩለት። ስሙም የወጣለት ያን ዕለት ነው፦ «አንተ የማሽን ዝገት!»

ልጁ አንጀቱ እስኪገለበጥ አስታወከ። እናቱ ከጎኑ ሳህን ይዛለት ቆመች። አንዱ ደንበኛ ሳቀ፤ ሌላው «ኧረ ተው ጋሽ ሞተር» አለ፣ እሱም እየሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ዝገቱ ሙያውን እንደ ውኃ ጠጣው። አደገ፣ እጁ ተባረከ፣ ከአባቱ የሚያንስበት ነገር ጠፋ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። አንዲት ሴት አግብቶ ነበር። አማቷ ጋሽ ሞተር በሰው ፊት «ነይ እስቲ፣ የዝገት ሚስት» እያሉ ሲጠሯት ጥቂት ታገሠችና ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሄደች። ዝገቱ አልተከተላትም፤ የሚጠገን ማሽን ነበረው።

አንድ ጠዋት አባትየው ካልሲያቸውን ሊያጠልቁ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው በድን፣ ምላሳቸው የታሰረ ነበር። «ሐሳባቸው ሙሉ ነው» አለ ሐኪሙ። «የጠፋባቸው ቃሉ ነው።» ሁሉም ግን አልጠፋም። ከዕድሜ ልክ ንግግራቸው አንዲት ቃል ብቻ ተርፋላቸው ነበር። ውኃ ሲጠማቸው «ዝገት» ይላሉ። ፀሐይ ሲበዛባቸው «ዝገት።» ሚስታቸውን ሲጠሩ «ዝገት፣ ዝገት።» እናትየዋ ከድምፃቸው አወጣጥ የፈለጉትን ትለያለች፤ ዝገቱ ግን ቃሉን እንጂ ሌላ ነገር አይሰማም። በሰማው ቁጥር አገጩን የጨበጠው እጅ ትዝ ይለዋል።

«ስምህን እኮ አይደለም ልጄ፣ ትራሱን ነው ያሉት» አለችው አንድ ቀን።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስሜ ሆና ኖራ ዛሬ ትራስ ሆነች?» አላት።

ጋራዡ በእጁ ገባ። መጀመሪያ የለወጠው ነገር አንቱታውን ነው። «አባባ፣ ትንሽ ይቅመሱ» ይል የነበረው ሰው ማንኪያውን አፋቸው ላይ ደቅኖ «ብላ» አለ። ሽማግሌው ደህናውን ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩት። እናቱ ሰምታለች፤ ወለሉን ማየት ጀመረች። ዝገቱ ይህች «ብላ» ከአፉ ስትወጣ እንደዚያ ትጥማለች ብሎ አልጠበቀም ነበር።

ዝናቡ አልቆ ሣሩ ሲነጣ የማስቀመጫው ሥራ ደረሰ። ዝገቱ የአባቱን ወንበር ከነሰውየው ተሸክሞ ጋራዡ በር ላይ አኖረው። ከዚያ የደንበኞቹን ማሽኖች አንድ በአንድ ያዘ። ቤንዚኑን አንጠፍጥፎ ያወጣል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ጠብታ እንዳይቀር ሞተሩን አስነስቶ በራሱ ጊዜ ተንተክትኮ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ዘይቱን ትኩስ እንዳለ ያፈሳል፣ አዲስ ይሞላል። ካንዴላውን ነቅሎ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ያንጠባጥብና የማስነሻ ገመዱን በቀስታ ይስባል። ከማሽኑ ሆድ ሥር የጋገረውን ሣር በእንጨት ይፍቃል፣ ቢላዋውን ዘይት ይቀባል፣ አየር በሚያስገባ ጨርቅ ይሸፍናል። እንከን አልነበረውም። አባትየው ከወንበራቸው ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ የተቃውሞ ምልክት የለም።

በመጨረሻ ቀዩን ማሽን ጎትቶ አወጣው።

ቀዩ የአባትየው ነው፤ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ሌላ ሰው እጁን አሳርፎበት አያውቅም። እጀታው የእሳቸውን መዳፍ ልክ ይዞ ተበልቷል። ሲያልፉ እንደ ፈረስ ዳበስ ያደርጉት ነበር።

ዝገቱ ከጥግ አንድ ያደፈ ጀሪካን አነሳ። ከከረሙ ማሽኖች የተጠራቀመ አተላ ቤንዚን ነው። ክዳኑን ሲከፍት ሽታው አባትየው ዘንድ ደረሰ።

«ዝገት» አሉ ቀስ ብለው።

ሞላው። ሞተሩን አስነስቶ አተላው እስከ ካርቡሬተሩ እስኪወርድ አስጮኸው፣ አጠፋው። ከዚያ በኩባያ ውኃ ቀድቶ በላዩ ጨመረበት። ከሆዱ ሥር ያለውን ሣር ሳይፍቅ የውኃ ጎማ ከፍቶ አራሰው።

«ዝገት! ዝገት! ዝገት!» በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ይደበድባሉ።

«አዎ፣ ይዝጋል» አለ ዝገቱ ፈገግ ብሎ። «ዛሬ ገና ቃሏን በቦታዋ ተናገርካት።»

ማሽኑን እንዲያልበው በላስቲክ ጠቅልሎ አሰረው። ከዚያ ጣቱን ጀሪካኑ አፍ ውስጥ ነከረና መጥቶ የአባቱን ከንፈር ከዳር እስከ ዳር ቀባው።

«ቅመሳት እስቲ። ከትኩሱ ትለያለች?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ሊያዞሩ ሞከሩ፤ ግማሹ ታዘዛቸው፣ ግማሹ እምቢ አለ። ከቀኝ ዓይናቸው እንባ ወረደ። ያ ዓይን ከታመሙ ወዲህ እንዲሁ ያነባ ስለነበር ዝገቱ አልቅሰው ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻለም። ይህም አናደደው።

እናቱ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች። ጎንበስ ብላ ከንፈራቸውን ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች።

«በሽባ ሰው ላይ?» አለች ቀና ሳትል።

«በሕፃን ልጅ ላይስ?»

«እኔ ምን በደልኩህ?»

«አንቺማ ሳህን ያዝሽልኝ።»

ጨርቁን አጥፋ ገባች። የዚያን ምሽት ዝገቱ የቀረበለትን ጠርጎ በላ፤ እንቅልፉም ጣፋጭ ነበር።

በጋው ሁሉ እንዲሁ አለፈ። ሥራ ሲቀዘቅዝበት የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አድርጎ «ማሽንህ አላበው፣ ትኩሳት ሳይይዘው አይቀርም» ይላቸዋል። ሽማግሌው መጀመሪያ ይጮኹ ነበር፤ ኋላ ተዉት። ሲተዉት ዝገቱ ጨዋታው ቀዘቀዘበት።

ዝናቡ ጣለ፣ ሣሩ አቆጠቆጠ፣ ደንበኛው ጋራዡ በር ላይ ተሰለፈ። ማሽኖቹ ሁሉ ገመዳቸው ገና ሲሳብ ተነሡ።

«አባትህን ወጣህ!» ይሉታል። ዝገቱ ጥርሱን ነክሶ ያመሰግናል።

ከመካከላቸው የኳስ ሜዳው ጠባቂ፣ የአባትየው የድሮ ወዳጅ፣ ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ «እስቲ ቀዩን አስነሳልን» አለ። «ጋሽ ሞተር ድምፁን ቢሰሙ ነፍሳቸው መለስ ትላለች።»

ዝገቱ አመነታ። ከዚያ፣ አባቴ ይይ፣ የማሽኑን ሬሳ በዓይኑ ይይ፣ አለ በልቡ። ጎትቶ አወጣውና ላስቲኩን ቀደደው። የበሰበሰ ሣርና የከረመ ቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ፈነዳ። ብረቱ ዝጎ እከክ የያዘው ቆዳ መስሏል። ገመዱን ሳበ፤ ዝም። ደገመ፤ ዝም። ሰው ተሰበሰበ። ዝገቱ አባቱን እያየ በኃይል ሳበ፣ ሰዎቹ ግን የሚያዩት አባቱን አልነበረም።

ጠባቂው የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«ቤንዚኑን ሳታወጣ ነው እንዴ ያስቀመጥከው? የገዛ አባትህን ማሽን?»

ዝገቱ አፉን ከፈተ። «አውቄ ነው» ቢል ምን ሊባል ነው? ደንበኞቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ረሳሁት» አለ።

ያን ጊዜ ከወንበሩ በኩል እንግዳ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ሞተር ይስቃሉ። በግማሽ አፋቸው፣ ለሃጫቸው አገጫቸው ላይ እየወረደ፣ በግራ እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ። ሳቁ ትንፋሽ ሲያሳጥራቸው ቆም አሉና ልጃቸውን በዓይናቸው ይዘው፣ እንደ ጤናቸው ጊዜ አጥርተው፣ ቃሏን ተናገሩ።

«ጋሽ ሞተር ዳኑ!» አለ አንዱ። ሌሎቹም መጀመሪያ እየፈሩ፣ ኋላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናትየዋ መስኮቱን ዘጋች።

ሰዉ ሲበተን ዝገቱ ወንበሩን አነሣና ከጋራዡ በስተጀርባ ካለው ግንብ አስጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ አስቀመጠው። አባቱ የሚያዩት ልስኑ የተላጠ ሲሚንቶ ብቻ ነበር። በማግስቱ እናቱ ወንበሩን ወደ በሩ መለሰችው። ዝገቱ ከምሳ በፊት አዞረው። እንዲህ ሲያዞርና ስትመልስ ሰነበቱ።

አንድ ጠዋት ሾርባ ይዛ ወጣች። የወንበሩን ጀርባ ነካች፤ ልጇ እዚያው ማሽን ላይ ካጎነበሰበት ቀና ብሎ ሲያያት ተመለከተችው። እጇን ከወንበሩ አነሣች። በርጩማዋን አምጥታ በወንበሩና በግንቡ መካከል አጎነበሰችና ገባች። ቦታው ስለጠበባት ጉልበቷ ከባሏ ጉልበት ጋር ተጣበቀ። ሾርባውን እፍ አለችና ማንኪያውን ወደ አፋቸው ሰደደች።