ሎሚ የገባበት ባኞ

እና አትተፋቸውም፣ እኔ ናዝራዊት እያለሁ አትተፋቸውም፣ ይኸው አፏን ገጥማ ግቢ ውስጥ ዓሣ የማረባበትን ባኞ ጥግ ይዛለች፣ ጉንጯ በእንቁላል ተወጥሯል፣ ቆሮሶ ዓሣ ልጆቿን የምትፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው፣ ክፉ ቀን ከመጣ ግን ወይ ትተፋለች ወይ ትውጣለች። ክፉው ቀን ደግሞ ዛሬ ሆነ፣ በአማቴ በእማማ ዋጋነሽ እጅ፣ አንድ ዘንቢል ሎሚ ጨምቀው ባኞው ውስጥ። ለምን? ዓሣ ይሸታላ። ዶሮ በሎሚ ይታጠብ የለ፣ ዓሣስ ምን ልዩ አደረገው፣ አሉኝ እኮ። እማማ፣ ዶሮው ሞቶ ነው፣ አላልኩም።

ዋጥኩት። ገና አሁን መታረቃችን ነው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የዓሦቹ ስንጥብ፣ መተንፈሻቸው፣ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል፣ ያየ ሰው አየር አጠራቸው ይላል፣ አየር አይደለም፣ ነቄ ነኝ፣ ጨው ነው፣ አሲድ የስንጥባቸውን ስፌት ያላላዋል፣ የደማቸው ጨው በዚያ ሾልኮ ይወጣል፣ ከውሃው ጨው የሚያስገቡበትንም በር ይዘጋባቸዋል። የባኞው ውሃ ደግሞ የዝናብ ነው፣ ባዶ፣ ኮምጣጣን የሚመክትበት ነገር የለው። ስለዚህ ከሮቶው የጉድጓድ ውሃ፣ አንድ ጆግ፣ ቆንጠር አድርጌ ጨው፣ ደግሞ አንድ ጆግ፣ ድንገተኛ ነገር አይነፋም። እነሱስ መች ዝም ብለው ይሞታሉ፣ ስፌቱን መልሰው ያጠብቁታል፣ ከኔ የሚፈልጉት ጊዜ ብቻ ነው፣ ጊዜ ደግሞ አለኝ።

ጦር ኃይሎች ጦር ኃይሎች፣ ይላል ወያላው ከአጥሩ ወዲያ። በሎሚ ፊትሽን አጥቁረሽብኝ አንቺ ጨው ትነሰንሻለሽ፣ ይላሉ እማማ ከበረንዳው፣ በርበሬውንም ላምጣልሽ? ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ፣ ሁለቱንም ያዝኳቸው።

ስንጥቧ ረጋ። ረጋ አይደል? ረጋ፣ አላልኩም?

እማማ መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ ይላሉ፣ ነጠላቸው ሎሚ ሎሚ ይሸታል፣ ድምፃቸው አንሷል። ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?

አፌ ሞልቷል፣ ከጠዋት ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ አንዱን ብለቅ ሌላው ይከተላል፣ እሷ እዚያ ጥግ አፏን ገጥማ ታየኛለች።

ይችን ጆግ ይሙሉልኝ፣ እላቸዋለሁ፣ ከሮቶው፣ ቀስ እያልን ነው የምንጨምረው።

ይነሳሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው። ጉንጯ አልጎደለም።