የላይኛው ግንብ ለመጨረሻው ቀን

ስልኩ ሲጮኽ ሮስቪታ ፕሪም እየፈለቀቀች ፍሬውን ታወጣ ነበር። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ አነሳችው።

"ፔንሲዮን ቲሌን።"

"ይቅርታ፣ ከሥራ አስተጓጎልኩዎት ይሆን?" አለ የወንድ ድምፅ። ለስለስ ያለ፣ ዕድሜ የጠገበ፣ እያንዳንዷን ቃል መዝኖ የሚያስቀምጥ ድምፅ ነበር። ስሙ ሱርማን እንደሆነ፣ የሚደውለውም ከቦኹም ከተማ እንደሆነ ተናገረ። ወይን ለቀማው ሲያበቃ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ወደ ሞዘል ወንዝ ሸለቆ ወርዶ ጥቂት ቀን ማሳለፍ ፈልጓል። ትንሽ ብስክሌት መንዳት፣ ትንሽ ወደ ግንቦቹ በእግር መውጣት።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ሮስቪታ ፔንሲዮኑን የምትመራው ከወንድሟ ከጌብሃርት ጋር ነበር። አልጋ ማንጠፍና ሳህን ማጠብ ሰልችቷት ያውቃል። የእንግዳን ቀን ማቀድ ግን አንድም ቀን አልሰለቻትም። ሰዉ ገና መንገድ ሳይጀምር የት እንደሚደክመው፣ የት ቁጭ ብሎ ወንዙን እንደሚያይ፣ ምሳው የት እንደሚጥመው እሷ ታውቅለታለች።

"ጉልበትዎ እንዴት ነው?" አለችው። "አይዋሹኝ። የእኛ ዳገት ውሸታም ያጋልጣል።"

"ጉልበቴ ደህና ነው። ዕድሜዬን ተቀምጬ ነው የሠራሁት። የከተማ ባቡር ነጂ ነበርኩ።"

"እንግዲያው ቅዳሜ እግርዎ ትኩስ እያለ ወደ ላይኛው ግንብ ይውጡ። እሑድ በብስክሌት ወንዙን ተከትለው ይውረዱና በመርከብ ይመለሱ። ሰኞ የታችኛውን ግንብ አይተው፣ እዚያው ባለችው መጠጥ ቤት ሾርባ ቀምሰው፣ በሰላም ወደ ቤትዎ።"

ሰውየው እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ "የላይኛውን ግንብ ማን ይጠብቀዋል?" አለ።

"ማንም። ቁራ ይጠብቀዋል እንጂ።"

"አጥር አለው?"

"በፊት ለፊት አለው። ከኋላ፣ ወንዙን በሚያየው በኩል የለውም። ከፍታ የሚያስፈራዎ ከሆነ ወደዚያ አይጠጉ።"

"አያስፈራኝም" አለ። አመስግኗት ስልኩን ዘጋ። ሮስቪታም ወደ ፕሪሟ ተመለሰች። ጨዋ ሰው ነው ብላ አሰበች፤ ሌላ ነገር አልመጣላትም።

በሳምንቱ እንደገና ደወለ። ጌብሃርት ከወይን እርሻው ተመልሶ፣ ጭቃ ጫማውን በር ላይ ጥሎ፣ የድንች ሾርባውን እየጠጣ ነበር። ሱርማን ዕቅዱን ትንሽ ማዛወር እንደሚፈልግ ተናገረ። ብስክሌቱ ይቅደም፤ የላይኛው ግንብ ለመጨረሻው ቀን ይሁን።

"እንደ ፈቀድዎ" አለች ሮስቪታ። "ድካም ላይ ዳገት ይከብዳል ብዬ እንጂ።"

"ግድ የለም። እስከ ዳገቱ ሥር በብስክሌት ብሄድ፣ ብስክሌቱን እዚያ ዛፍ ላይ አስደግፌ ብተወው፣ ሰው ይወስደዋል?"

"የእኛን አገር ብስክሌት ሌባም ይንቀዋል።"

"ማለቴ፣ ወንድምዎ በኋላ መጥተው ሊያነሱት ይችላሉ? እንዳላስቸግራቸው ብዬ ነው።"

"ለምን ጌብሃርት ያነሳዋል? እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይመለሱ የለ?"

"አዎ" አለ ሱርማን። "አዎ፣ ልክ ነው።"

ስልኩን ስትዘጋ ጌብሃርት ቀና ብሎ አያት። "ምነው? ጉንዳን የወረረሽ ትመስያለሽ።"

"ይሄ ሰውዬ ደስ አላለኝም።"

"ባለፈው ሳምንት ጨዋ ነው ስትዪ አልነበር? ለመሆኑ የምትፈልጊው እንግዳ ነው ወይስ ባል?"

"ዝም ብለህ ሾርባህን ጠጣ።"

ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል። ሮስቪታ ያን ሌሊት ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት፣ አንሶላ ስታሰጣ፣ ዓይኗን ወደ ላይ አንስታ ከወይኑ ተራራ በላይ የተሰበረ ጥርስ መስሎ የቆመውን ግንብ አየችው። ተወልዳ ያደገችው በሥሩ ነው። እንደዚያ ቀን ግን ወደ ታች የሚያያት መስሎ ተሰምቷት አያውቅም።

ሦስተኛው ስልክ የመጣው ዝናብ ሲጥል ነው። ሱርማን ይቅርታ ጠየቀ። ሁለት ትንንሽ ነገሮች ብቻ ቀርተውታል አላት።

"ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤት ልጆች ወደ ላይኛው ግንብ ይመጣሉ?"

"ልጆች? አይ፤ እነሱ በጋ ላይ ነው የሚመጡት። ለምን?"

"ልጆች ባይኖሩ ይሻላል" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወንድምዎ ጠንካራ ሰው ናቸው? ማለቴ ልባቸው?"

አጥሩ፣ ብስክሌቱ፣ ልጆቹ፣ የጌብሃርት ልብ፣ ሁሉም ባንዴ ለሮስቪታ ገጠመላት። ከኋላ በኩል አጥር እንደሌለ በገዛ አፏ ነግራዋለች።

"አቶ ሱርማን" አለች። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ። እዚህ የሚመጡት ሊሞቱ ነው?"

በስልኩ ውስጥ ከሩቅ የባቡር ደወል ተሰማት፤ ቤቱ ከሐዲዱ አጠገብ መሆን አለበት። ትንፋሹ ይሰማታል። ቀጥሎ መስመሩ ተቋረጠ።

መልሳ ደወለች፤ አያነሳም። ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ፖሊስ ጋ ደውላ፣ ሞኝ ሴት እንዳትመስል እየተጠነቀቀች፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቀልጣፋ ሰዎች ነበሩ፤ በዚያው ቀን ቤቱ ሄዱ። ምሽቱን አንዲት ፖሊስ ደውላ ነገረቻት፤ ሰውየው በሩን ከፍቶ፣ ሻይ አቅርቦ፣ የቃል አለመግባባት ነው ብሎ በትሕትና መልሷቸዋል። ደህና ነኝ የሚልን ሰው አስገድዶ መውሰድ አይቻልም።

"በይ አሁን" አለ ጌብሃርት። "ከእንግዲህ ማን ይመጣልሻል? አልጋ ፈልጎ የደወለ ሁሉ ፖሊስ ሊላክበት ነው።"

"ልብህ ጠንካራ መሆኑን ጠየቀኝ እኮ።"

"ምን አልሽው?"

"ምንም አላልኩትም።"

የጌብሃርት ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ መስኮቱ ሄዶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ረጅም ጊዜ ቆመ።

ሱርማን ቦታውን አልሰረዘም። ሮስቪታም ለሌላ ሰው አልሰጠችውም። ቀኑ ሲደርስ ክፍሉን አሞቀች፤ መስኮቱ ወደ ወንዙ የሚያይ ስለሆነ አበባ አስቀመጠችበት፤ ከዚያ አበባው የቀብር መሰላትና መልሳ አነሳችው። ቅዳሜ አልመጣም። እሑድም አልመጣም። ጌብሃርት እፎይ ያለ መሰለ፤ "ሌላ ቦታ አገኘ ማለት ነው" አለ። እሷ ግን ክፍሉን ማሞቋን አልተወችም።

ሰኞ ጠዋት ሸለቆው በጉም ታፈነ። ወንዙ አይታይም፤ የመርከቧ ጡሩንባ ብቻ ያለችበት ሳይታወቅ ታቃስታለች። ጌብሃርት ማለዳ በትራክተሩ ወደ ላይኛው እርሻ ወጥቶ ነበር። ቁርሱ ሳይደርስ ተመለሰ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ፊቱ አመድ ለብሷል።

"ብስክሌት አለ" አለ። "ዳገቱ ሥር፣ ዛፉ ላይ የተደገፈ። የኛ አይደለም። የከተማ ብስክሌት ነው።"

ሮስቪታ አምቡላንስ እንዲመጣ ደውላ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ተከተለችው።

መንገዱ በወይን እርከኖቹ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጥቁሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከእግር ሥር እየተንሸራተተ ይንኮሻኮሻል። ጌብሃርት ሁልጊዜ ዳገት ላይ የሚተርት ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ትንፋሹና ሳሉ ብቻ ይሰማል። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ጉሙ ከሥራቸው ቀረ። ግንቡ ድንገት ከፊታቸው ተገተረ፤ ባዶ መስኮቶቹ ሰማዩን ያሳያሉ። ቁራዎቹ አንድም ድምፅ አያሰሙም። ሮስቪታ ቁራው ለምን ዝም አለ ብላ ስታስብ ከኋላዋ ድንጋይ ተንኮታኮተ። ጌብሃርት ወድቋል።

"ምን ሆንክ?"

"ጉልበቴ። ሂጂ። ሂጂ አልኩሽ።"

ብቻዋን ገባች። ግቢው ውስጥ ሣሩ ርጥብ ነው፤ አንድ ሰው የረገጠው መስመር በመሃሉ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። መስመሩን ተከተለችው። መጀመሪያ ኮፍያ አየች፤ ድንጋይ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ከኮፍያው አለፍ ብሎ፣ ግድግዳው በሚያበቃበት፣ አንድ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ቀጭን ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። ከፊቱ ጉም ብቻ ነው።

"አቶ ሱርማን" አለች በቀስታ።

አልዞረም። "ወይዘሮ ቲሌን ነዎት? ድምፅዎን አወቅኩት። እርስዎ እንዲመጡ አልፈለግኩም ነበር።"

"እኔም ይሄን ዳገት በባዶ ሆድ መውጣት አልፈለግኩም ነበር።" ወደ እሱ አልሄደችም፤ ካለችበት ርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። "መቼ መጡ?"

"ሳይነጋ። ሌላ ቦታ ልሄድ ነበር። ግን ያቀድኩት ይሄን ብቻ ነው። ከዚህ በቀር የማውቀው መንገድ የለኝም። ልነሳ ስል የትራክተር ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ሳል። ወንድምዎ መሆናቸውን ገመትኩ። እኒህ ሳል የያዛቸው ሰው ናቸው የሚያገኙኝ አልኩ። ከዚያ መነሳት አቃተኝ። ወደዚህም ወደዚያም።"

"ማን ሞተብዎት?"

አሁን ፊቱን መለስ አደረገ። ጉንጩ በሚገባ የተላጨ፣ ዓይኑ እንቅልፍ የማያውቅ ሰው ነበር።

"የማላውቃት ልጅ" አለ። "ሐዲዱን ስታቋርጥ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ነበር፤ ደወሉን አልሰማችም። ፍሬን ያዝኩ። የባቡር ፍሬን እንደ መኪና አይደለም። ሁሉም ጥፋትህ አይደለም አለኝ። ዳኛው፣ ሐኪሙ፣ ጓደኞቼ። እናቷም ቤቴ ድረስ መጥታ እንደዚያው አለችኝ። የእናቷ ነው የባሰብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እንዴት ነህ ይለኛል፤ ደህና ነኝ እላለሁ። ሊሞቱ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ስለፈራሁ ስልኩን ዘጋሁት።"

ማጽናኛ ቃላት ሁሉ ይሄ ሰው ሰምቶ የጨረሳቸው ናቸው። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ከበሩ በኩል ጌብሃርት ግድግዳውን እየተደገፈ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ብቅ አለ። አንዴ እህቱን፣ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ገደሉን አየ።

"አንተ ነህ ሱርማን?" አለ። አንተ አለው፤ እርከን ላይ አብሮት እንደሚሠራ ሰው። "ጉልበቴ ዞሯል። እሷ ልትሸከመኝ አትችልም፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን መውረድ አልችልም። ና፣ ትከሻህን አውሰኝ።"

ሱርማን ተመለከተው። "እኔ?"

"ሌላ ሰው ይታይሃል? ዝናቡ ከበረታ ይሄ ድንጋይ ሳሙና ነው የሚሆነው።"

ሮስቪታ የሰውየውን ሁለት እጆች ብቻ ታያለች። እጆቹ ድንጋዩን ጨበጥ፣ ለቀቅ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሲነሳ ተንገዳገደ፤ ብርዱ እግሩን አድርቆት ነበር። ግን ወደ እነሱ ነበር የዞረው።

ሦስቱም ወረዱ። ጌብሃርት መላ ክብደቱን ጥሎበት፣ በየጠመዝማዛው እያቃሰተ፣ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ሐዲድ ላይ ያለህ መሰለህ እንዴ?" ይለው ነበር። ሮስቪታ ይሄን ስትሰማ ደነገጠች። ሱርማን ግን አልተቆጣም፤ ክብደቱ አጉብጦት፣ እርምጃውን እየመረጠ ወረደ። አምቡላንሱ ዳገቱ ሥር ደርሶ ጠበቃቸው። ለአንድ ሰው የተጠራው መኪና ሁለቱን ጫነ።

የጌብሃርት ጉልበት በእርግጥ አብጦ ነበር፤ ክረምቱን በምርኩዝ አሳለፈው። ሱርማን በፈቃዱ ሆስፒታል ተኛ። ሮስቪታ ኬክ ይዛ ትጠይቀው ነበር። አንዳንድ ቀን ይበላል፣ አንዳንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። ሐኪሟ እውነቱን ነገረቻት፤ ይሄ በሽታ ወጣሁ ሲሉት የሚመለስ ነው፤ ቀን በቀን ነው የሚታየው። ሮስቪታ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ከግንቡ ኋላ አጥር ይሠራ ብላ ጠየቀች። እናየዋለን አሏት። እስከዚያው ጌብሃርት ምርኩዙን ሲጥል የወይን ችካልና ሽቦ ጭኖ ወጥቶ በገዛ እጁ አጠረው።

በጸደይ ሱርማን ከሆስፒታል ወጥቶ ሰሜን ወደምትኖር እህቱ ሄደ። ዳገት የሚባል የሌለበት፣ ዝርግ የሣር አገር ነው። ይደውላል። ስለ አየሩ ያወራል፣ ስለ እህቱ ዶሮዎች ያወራል፣ ጌብሃርትን ይጠይቃል። እንቅልፉ ትንሽ እየተመለሰ እንደሆነም ነግሯታል።

አንድ ቀን ግን በጨዋታ መሃል ድምፁ ጠፋና ስልኩ ተዘጋ። ሮስቪታ መልሳ ደወለች፤ ጠራ፤ ጠራ፤ ማንም አላነሳም። ወንበር ስባ ተቀምጣ እንደገና ደወለች። ጌብሃርት ሬዲዮውን አጠፋና መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

በመጨረሻ እህቱ አነሳች።

"ቬንደሊንን ነው?" አለች፣ ወንድሟን በመጠሪያ ስሙ ጠርታ። "አሁን እዚህ ነበር። ዶሮዎቹ ጋ ሄዶ ይሆናል።"

"ያዩታል? ከዚያ ሆነው ያዩታል?"

"አላየውም። ቆይ ልጥራው?"

"ስልኩን ይዘውት ይውጡ" አለች ሮስቪታ። "እባክዎ፣ ሳይዘጉት።"

የእግር ኮቴ ሰማች፤ የበር ሲጢጥታ፤ ነፋስ። ሴትዮዋ ስሙን ጠራች። አንዴ፣ ደግማ። ሮስቪታ የጌብሃርትን እጅ ጨበጠች። ከሩቅ የዶሮዎች ጫጫታ መጣ፤ በጫጫታው መሃል ያ ለስለስ ያለ የሱርማን ድምፅ ሲያባርራቸው፣ ሲሰድባቸውም ተሰማት። እሷ ግን ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም።